የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ምን ይለካል?

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጨረሻው ዕለት ነበር። የዕለቱ የመጨረሻ ውድድር የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ሲሆን፣ የተገናኙት የአሜሪካና የፈረንሳይ ቡድኖች ነበሩ። በዚያች ሰዓት ቻይና 40፣ አሜሪካ ደግሞ 39 የወርቅ ሜዳሊያዎች ነበሯቸው። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት አሜሪካ 67 ለ 64 ትመራ ነበር። ፈረንሳዊቷ ጋቢ ዊሊያምስ ከመጨረሻው ደወል ጋር የወረወረችው ኳስ መረቡ ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ እግሯ የሦስት ነጥብ መስመሩን ረግጦ ስለነበር የተቆጠረላት 2 ነጥብ ብቻ ነው። ውጤቱም 67 ለ 66 ሆነ።

በዚህም አሜሪካ 40ኛ ወርቋን አግኝታ ከቻይና ጋር እኩል ሆነች፤ በብር ሜዳሊያ 44 ለ 27 ስለምትበልጥም በሠንጠረዡ አናት ላይ ተቀመጠች። ያች እግር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትል ኖሮ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ያመራ ነበር፤ በተጨማሪው ሰዓት ፈረንሳይ ብታሸንፍ ደግሞ በወርቅ ቅደም ተከተል አንደኛ የምትባለው ቻይና በሆነች ነበር። ከ10 ሺህ በላይ ስፖርተኞች ከሁለት ሳምንት በላይ ከተወዳደሩ በኋላ «የዓለም አንደኛ አገር ማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው የአንዲት ተጫዋች የጫማ ጫፍ ነው ማለት ነው።

ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ መሣሪያ አንድ ቁጥር ሲሰጠን የምናነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው? ልኬቱስ ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል? በዚህ ጽሑፍ የሜዳሊያ ሠንጠረዥን እንደ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ወስደን እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች እናቀርብለታለን። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን ማን ደነገገው?

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ኦሊምፒክ አገሮችን የማወዳደር ዓላማ የሌለው መሆኑ ነው። የኦሊምፒክ ቻርተር 6ኛው ደንብ ውድድሩ በስፖርተኞች መካከል በግል ወይም በቡድን የሚካሄድ እንጂ በአገሮች መካከል የሚደረግ እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። አንደኛ ለወጣች አገር የሚሰጥ ዋንጫ የለም። ሠንጠረዡን በሰፊው ያስለመዱት ጋዜጦችና የስርጭት ድርጅቶች ናቸው።

ሁሉንም የሚያስማማ ሕግ ባለመኖሩም የአደራደር ልማዱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአብዛኛው ዓለም የተለመደው አገሮችን በወርቅ ብዛት ማስቀደም፣ በወርቅ እኩል ሲሆኑ በብር፣ በዚያም እኩል ከሆኑ በነሐስ መለየት ነው። በአሜሪካ ግን ብዙዎቹ የመገናኛ ብዙኃን የሚደረድሩት በጠቅላላ የሜዳሊያ ብዛት ነው። የ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲጠናቀቅ ቻይና 51 ወርቅና በድምሩ 100 ሜዳሊያ፣ አሜሪካ 36 ወርቅና በድምሩ 110 ሜዳሊያ ነበራቸው። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መረጃ፣ በቻይና ጋዜጣ ቻይና፣ በአሜሪካ ጋዜጣ አሜሪካ አንደኛ ሆኑ። የዋሸ ማንም የለም፤ የተለያየው መለኪያው ነው።

የመዝገበ ቃላት ቅደም ተከተል

ወርቅን የሚያስቀድመው ልማድ በሒሳብ ቋንቋ የመዝገበ ቃላት ቅደም ተከተል ይባላል። መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የሚታየው የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ሁለተኛው ፊደል የሚታየው የመጀመሪያዎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ወደ ትምህርት ቤት እናምጣው። አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር የተማሪዎችን ደረጃ ሲያወጣ የሁሉንም ትምህርት ውጤት ደምሮ በአማካይ ከማስላት ይልቅ፣ በሒሳብ ውጤት ብቻ ቢደረድራቸውና ፊዚክስን የሚያየው ሁለት ተማሪዎች በሒሳብ እኩል ሲያመጡ ብቻ ቢሆን ምን ይባል ነበር? በሒሳብ 91፣ በሌላው ሁሉ 40 ያመጣው ተማሪ፣ በሒሳብ 90፣ በሌላውም ሁሉ 95 ያመጣችውን ይቀድማል። ወላጆች አቤቱታ ማቅረባቸው አይቀርም።

የሜዳሊያ ሠንጠረዥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በኩራት የምናስታውሰውን የ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ እንመልከት። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ ባስገኟቸው 4 ወርቆች፣ በ1 ብርና በ3 ነሐስ ኢትዮጵያ 20ኛ ሆነች። ቀጥላ 21ኛ የሆነችው ዩክሬን ነበረች። የዩክሬን ውጤት ደግሞ 3 ወርቅ፣ 10 ብርና 10 ነሐስ፣ በድምሩ 23 ሜዳሊያ ነው። 8 ሜዳሊያ ያላት ኢትዮጵያ 23 ሜዳሊያ ካላት ዩክሬን ቀደመች።

ሁለቱ አገሮች የሚጋሩትን ብናቀናንስ ኢትዮጵያ በ1 ወርቅ፣ ዩክሬን በ9 ብርና በ7 ነሐስ እንደሚበላለጡ እናገኛለን። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሳይናገር የሚናገረው «1 ወርቅ ከ9 ብርና ከ7 ነሐስ ድምር ይበልጣል» የሚለውን ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ነገር ግን ፍርድ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ለሜዳሊያዎች ክብደት ብንሰጥስ?

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለእያንዳንዱ ሜዳሊያ ነጥብ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ለወርቅ 3፣ ለብር 2፣ ለነሐስ 1። ሌሎች ደግሞ 5፣ 3፣ 1 ወይም 4፣ 2፣ 1 ይላሉ። ችግሩ የትኛው ይመረጥ የሚለው ነው።

በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት የተነጠቁት ሜዳሊያዎች ከተስተካከሉ በኋላ ያለውን የቤጂንግ ውጤት ወስደን እናስላ። ቻይና 48 ወርቅ፣ 22 ብር፣ 30 ነሐስ፤ አሜሪካ 36 ወርቅ፣ 39 ብር፣ 37 ነሐስ አላቸው። ቻይና በ12 ወርቅ፣ አሜሪካ በ17 ብርና በ7 ነሐስ ይበልጣሉ። በ3፣ 2፣ 1 ስሌት የቻይና ብልጫ 36፣ የአሜሪካ ብልጫ 41 ነጥብ ይሆናል፤ አሜሪካ አንደኛ ናት። በ5፣ 3፣ 1 ስሌት 60 ለ 58 ይሆንና ቻይና ትቀድማለች። በ4፣ 2፣ 1 ስሌትም 48 ለ 41 ቻይና ትቀድማለች። መረጃው ሳይለወጥ መልሱ ተለወጠ።

ታዲያ በክብደት ምርጫ ላይ ያልተመሠረተ ንጽጽር ማድረግ አይቻልም ማለት ነውን? በከፊል ይቻላል። የወርቅን ብዛት ወ፣ የብርን ብ፣ የነሐስን ነ እንበላቸው። ክብደታቸው በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሁን። የምንጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወርቅ ከብር፣ ብር ከነሐስ እንዳያንስ፣ ነሐስም ከዜሮ በታች እንዳይሆን። የአንዲት አገር ነጥብ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

ነጥብ = ሀ×ወ + ለ×ብ + ሐ×ነ = (ሀ−ለ)×ወ + (ለ−ሐ)×(ወ+ብ) + ሐ×(ወ+ብ+ነ)

አንባቢ ቅንፎቹን ፈትቶ የሁለቱን እኩልነት ማረጋገጥ ይችላል። በሁለተኛው አጻጻፍ ውስጥ ሀ−ለ፣ ለ−ሐ እና ሐ ከዜሮ በታች ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ አንዲት አገር በወርቅ፣ በወርቅና ብር ድምር፣ እንዲሁም በሦስቱም ድምር ከሌላዋ የማታንስ ከሆነች፣ ማንኛውም ሚዛናዊ የነጥብ አሰጣጥ ቢመረጥ አትቀደምም። ከሦስቱ ድምሮች አንዱ እንኳ ተቃራኒ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ክብደት መራጩ ነው።

በዚህ ፈተና መሠረት የፓሪሱ ውጤት ግልጽ ነው። አሜሪካ 40፣ 84፣ 126፤ ቻይና 40፣ 67፣ 91 ናቸው። የቤጂንጉ ግን አሻሚ ነው። ቻይና 48፣ 70፣ 100 ስትሆን አሜሪካ 36፣ 75፣ 112 ናት። «በ2008 ማን አንደኛ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም።

ደረጃና የልኬት ስሕተት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። የፊዚክስ ተማሪ የአንድን ዘንግ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ብሎ ቢጽፍ ሥራው አልተሟላም፤ ስንት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል እንደሚችል መግለጽ ይጠበቅበታል። ለደረጃም እንዲሁ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲሆን፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ተከተለው። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ 0.12 ሰከንድ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አንድ ሯጭ በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል ብንል፣ 0.09 ሰከንድ ማለት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ10,000 ሜትር ሩጫ በኋላ ይህች 70 ሳንቲ ሜትር ብትጠፋ ኖሮ የኢትዮጵያ ውጤት 3 ወርቅ፣ 2 ብር፣ 3 ነሐስ ይሆንና አገሪቱ ከዩክሬን በታች ትወርድ ነበር። የሯጮቻችን ብቃት ግን ቅንጣት ታህል ባልተለወጠ ነበር።

የፓሪሱ ምሳሌ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል። ኢትዮጵያ በ1 ወርቅና በ3 ብር 47ኛ ሆነች። ከሦስቱ ብሮች አንዱን በ10 ሺህ ሜትር ያመጣው በሪሁ አረጋዊ ከኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጊ የተቀደመው በ0.30 ሰከንድ ሲሆን፣ ከኋላው ሦስተኛ ከወጣው አሜሪካዊ ግራንት ፊሸር የቀደመው በ0.02 ሰከንድ ብቻ ነው። በሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ በምትሮጠው ሲፋን ሀሰን የተቀደመችው በ3 ሰከንድ ነው። ሁለቱም አትሌቶቻችን ያችን ቅጽበት አግኝተው ቢሆን ኢትዮጵያ 3 ወርቅና 1 ብር ይዛ ከ30ኛ በላይ ከሚገኙት አገሮች ጋር ትሰለፍ ነበር።

በተቃራኒው ብቸኛውን ወርቅ እንመልከት። በማራቶን ያሸነፈው ታምራት ቶላ በቡድኑ ውስጥ የነበረው በተጠባባቂነት ነው፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ተተክቶ ገባ፤ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ተከታዩን በ21 ሰከንድ በልጦ አሸነፈ። ያ ወርቅ ብር ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ወርቅ ካገኙት ከ60 በላይ አገሮች ሁሉ በታች በሆነች ነበር። ስለዚህ ያው ቡድን፣ በዚያው ዝግጅት፣ በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ከ30ኛ በላይም ከ60ኛ በታችም ሊሆን ይችል ነበር። «47ኛ» የሚለው ቁጥር በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ ቢጻፍ ከጎኑ «20 ደረጃ ያህል ወዲያና ወዲህ» የሚል ማስታወሻ ሊታከልበት ይገባ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሠንጠረዡ መካከለኛ ክፍል 1፣ 2 ወይም 3 ወርቅ ያላቸው በርካታ አገሮች ተጨናንቀው ይገኛሉ። እዚያ ላይ የአንድ ሜዳሊያ ቀለም መለወጥ ብቻ ደርዘን አገሮችን ያስዘልላል። ከዚህም ሌላ ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ሊለወጥ ይችላል። መሠረት ደፋር በቤጂንግ በ5 ሺህ ሜትር ያገኘችው ነሐስ ወደ ብር የተለወጠው ሁለተኛ ወጥታ የነበረችው ሯጭ በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት በ2017 ውጤቷ በመሠረዙ ነው።

በሕዝብ ብዛት ብናካፍልስ?

«አገሮች በሕዝብ ብዛት ስለሚለያዩ ሜዳሊያውን ለሕዝብ ቁጥር ማካፈል ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። በፓሪስ ሕዝቧ ከ120 ሺህ የማይበልጠው ግሬናዳ 2 ነሐስ አግኝታ በዚህ ስሌት ከዓለም ቁንጮ ላይ ትቀመጣለች። ሆኖም በዚህ ስሌት አናት ላይ የሚወጡት ዘወትር ትናንሽ አገሮች ናቸው። ከ35 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ሳን ማሪኖ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ 3 ሜዳሊያ አገኘች፤ በፓሪስ ግን አንድም አላገኘችም። ከአናት ወደ ግርጌ በሦስት ዓመት ወረደች ማለት ነው።

ይህ በፊዚክስ በሚገባ የታወቀ ጠባይ ነው። በዘፈቀደ የሚከሰቱ ነገሮችን ስንቆጥር፣ አማካዩ ቁጥር ን ከሆነ የሚጠበቀው መዋዠቅ የን ካሬ ሥር ያህል ነው። 100 ለሚጠብቅ 10 ያህል፣ ማለትም 10 በመቶ ይዋዥቃል። 1 ለሚጠብቅ ግን መዋዠቁ 1፣ ማለትም 100 በመቶ ነው። በትንሽ የሕዝብ ቁጥር ሲካፈል ይህ መዋዠቅ ይጎላል እንጂ አይጠፋም።

ትላልቆቹ አገሮች ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳሉ። ሕንድ ከዓለም ሕዝብ ከስድስት አንድ የሚበልጠውን ይዛለች፤ ሜዳሊያ ከሕዝብ ጋር ተመጣጣኝ ቢሆን በፓሪስ ከተሰጡት ከ1,000 በላይ ሜዳሊያዎች ወደ 180 ያህሉ ይደርሷት ነበር። ያገኘችው 6 ነው። በአንድ የሩጫ ውድድር አንድ አገር ከ3 ሯጮች በላይ ማሰለፍ እንደማይፈቀድላት፣ በቡድን ጨዋታ ደግሞ አንድ ቡድን ብቻ እንዳላት መዘንጋት አይገባም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አንድሩ በርናርድና ሜጋን ቡሲ በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የአገሮችን የሜዳሊያ ድርሻ ይበልጥ የሚገልጸው የሕዝብ ብዛትና የነፍስ ወከፍ ገቢ አንድ ላይ፣ ማለትም ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ነው።

ስንት በር አለ?

የአሜሪካው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ከ2004 እስከ 2016 ብቻውን 23 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ኢትዮጵያ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ካስገኘው የመጀመሪያ ወርቅ አንሥቶ እስከ ሪዮ 2016 መጨረሻ የነበራት 22 ነው። እስከ ፓሪስ ድረስ ተደምሮ 24 ደርሷል።

ይህ ፌልፕስ ከአበበ፣ ከማሞ ወልዴ፣ ከምሩጽ ይፍጠር፣ ከደራርቱ፣ ከኃይሌ፣ ከቀነኒሳ በቀለና ከጥሩነሽ ዲባባ ድምር እንደሚስተካከል አያመለክትም። በፓሪስ በውኃ ዋና ብቻ በመዋኛ ገንዳ 35 የወርቅ ሜዳሊያዎች ነበሩ፤ በ5 ሺህ፣ በ10 ሺህና በማራቶን ግን በሁለቱም ፆታ 6 ብቻ ናቸው። አንድ ዋናተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተለያየ የአዋዋን ስልትና ርቀት ደጋግሞ ሊወዳደር ይችላል፤ ማራቶን የሮጠ ሰው ግን እግሩ እስኪያገግም ሳምንታት ያስፈልጉታል። የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሁሉ የተገኙት ከአትሌቲክስ ነው። ሠንጠረዡ አገሮችን በአንድ መንገድ ላይ እንደሚሮጡ አድርጎ ያቀርባቸዋል እንጂ የገቡባቸው በሮች ብዛት እኩል አይደለም።

መለኪያው ፖሊሲ ሲሆን

ይህ ሁሉ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን አገሮች በደረጃቸው ላይ ተመሥርተው ገንዘብ ይመድባሉ። ብሪታንያ በ1996 አትላንታ ላይ በ1 ወርቅ 36ኛ ከወጣች በኋላ ከብሔራዊ ሎተሪ የሚገኘውን ገቢ ሜዳሊያ ያመጣሉ ለተባሉ ስፖርቶች አዋለች። በ2012 ሦስተኛ፣ በ2016 ሁለተኛ ሆነች። በዚሁ መርሕ ግን በ2014 የቅርጫት ኳስ ድጋፍ ተቋረጠ፤ ብዙ ወጣት የሚጫወተው ስፖርት ቢሆንም ለሠንጠረዡ የሚያበረክተው አልነበረውምና። አንድ መለኪያ ግብ ሲሆን፣ የሚለካው ነገር ሳይሻሻል ቁጥሩ ብቻ ሊሻሻል ይችላል።

በእኛም አገር ከየኦሊምፒኩ በኋላ የሚነሣው ክርክር በደረጃ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሪዮ ላይ 44ኛ፣ ቶኪዮ ላይ 56ኛ፣ ፓሪስ ላይ 47ኛ መሆናችንን ብቻ ያየ ሰው «ከቶኪዮ ወዲህ ተሻሽለናል» ይላል። የሜዳሊያውን ብዛት ያየ ግን ሌላ ነገር ያነባል። በሲድኒ 8፣ በአቴንስ 7፣ በቤጂንግ 7፣ በለንደን ከ7 ያላነሰ፣ በሪዮ 8 ነበር፤ በቶኪዮና በፓሪስ ግን 4፣ 4 ሆነ። አማካዩ 7.5 ገደማ በሆነ የዘፈቀደ ክስተት በአንድ ጊዜ 4 ወይም ከዚያ በታች የማግኘት ዕድል 13 በመቶ ያህል ነው፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የማግኘቱ ግን ከ2 በመቶ ያንሳል። እንዲያውም በአምስቱ ኦሊምፒኮች የታየው መዋዠቅ ከዘፈቀደ ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ወደ 4 መውረዱ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ይህ ስሌት ግምታዊ ነው፤ ሜዳሊያዎች ሙሉ በሙሉ ከእርስ በርሳቸው ነጻ አይደሉምና። ሆኖም «እንደ ኡጋንዳ ያሉ አዳዲስ ተፎካካሪዎች ስለ ተነሡ ነው? ወይስ በምርጫና በሥልጠና የተለወጠ ነገር አለ?» ብለን በቁም ነገር እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ይህን ጥያቄ ያነሣው የሜዳሊያው ቆጠራ ነው፤ ደረጃው ግን ሸፍኖት ነበር።

ለማጠቃለያ አንድ መልመጃ እንተው። በፓሪስ 1 ወርቅ፣ 3 ብርና ምንም ነሐስ የሌላት ኢትዮጵያ፣ 1 ወርቅ፣ 2 ብርና 2 ነሐስ ካላት ኤኳዶር በላይ ተቀምጣለች። በሦስቱ ድምሮች ፈተና ይህ ቅደም ተከተል ይጸናልን? በ3፣ 2፣ 1፣ በ4፣ 2፣ 1 እና በ5፣ 3፣ 1 ስሌትስ ምን ይሆናል? መልሱን የሚያገኝ ተማሪ፣ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ የሚወጣውን ሠንጠረዥ ሲያይ ደረጃውን ከማንበቡ በፊት ወረቀትና እርሳስ ማንሣቱ አይቀርም።